ሮም ያለ ትኬት

እሑድ ከሰዓት በኋላ አወልን የፈለገ የቡታጅራ ሰው የት እንደሚያገኘው ያውቅ ነበር። ከበርበሬ መጋዘኑ ፊት ለፊት ባለቤቱ ጀምሮ የተወው ፎቅ አለ፤ ደረጃው ተሠርቶ ግድግዳው ቀርቷል። በሰፈሩ ኔትወርክ እንደ ልብ የሚገኘው እዚያ አናት ላይ ነው። አወል ዙሁር ሰግዶ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ እጁንና ፊቱን ደጋግሞ በሳሙና ታጥቦ ይወጣል። የዘቢዳር ተራራ ከነጉሙ ከኋላው ተዘርግቷል። እሱ ግን ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ ብሎኬት ላይ ይቀመጥና ስልኩን በሁለት እጁ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የሚያሳልፈው ሮም ውስጥ ነው።

ሮም ያለችው ፈቲሀ ናት።

ሙሉ ስሙ ሙሀመድአወል ነው። ከአባቱ የወረሰውን ንግድ ይዞ ከመስቃንና ከማረቆ ገበሬዎች ዛላ በርበሬ እየገዛ አዲስ አበባ ይልካል። ትምህርቱን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ አቁሟል። ፈቲሀ ደግሞ የወልቂጤ ልጅ ናት፤ አታት አካባቢ ባለ የገጠር ሆስፒታል የምትሠራ አዋላጅ ነርስ። የተዋወቁት እዚያው አካባቢ ያገባችው እህቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ የገባች ቀን ነው። አወል ከመጋዘኑ በቀጥታ ነበር የሮጠው። ኮሪደሩ ላይ እንደተቀመጠ አጠገቡ ያሉት አስታማሚዎች ተራ በተራ ማስነጠስ ጀመሩ። በሩ ተከፈተና ነጭ ሻርፕ ያደረገች ልጅ ብቅ አለች።

«ከእናንተ መሃል በርበሬ የያዘው ማነው?»

«አልያዝኩም» አለ አወል አንገቱን ደፍቶ። «ልብሴ ነው።»

«እንግዲያው ሂድና ታጠብ። የእህትህ ልጅ ተወልዷል፤ ሳትታጠብ ግን አታቅፈውም።»

አጎት መሆኑን የሰማው በዚህ ቁጣ ውስጥ ነው። ቀና ሲል ዓይኖቿ እየሳቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕፃኑን ለመጠየቅ፣ ሕፃኑን ለማስከተብ፣ የሕፃኑን ካርድ ለመውሰድ እያለ ወደ አታት የተመላለሰው መንገድ ለእህቱም ለጎረቤትም ሚስጥር አልነበረም። ሽማግሌ ልልክ ብሎ ቀን ሲመርጥ ግን የፈቲሀ ጉዞ መጣ። ሮም ያለ አንድ ሆስፒታል ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናትን አያያዝ እንድትማር ለጥቂት ወራት ጋበዛት። አልጋና ምግብ ሰጧት። ከዚያ ያለፈ እጇ ላይ የሚቀር ገንዘብ አልነበረም።

ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። «ሮምን ሳላይ ከሮም አልመለስም» አለችው በመጀመሪያው እሑድ። «ግን በሩ ላይ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ካለ እናልፋለን።»

«እናልፋለን» ማለቷ አወልን ሳምንቱን ሙሉ ደስ ሲያሰኘው ሰነበተ።

በእግሯ ነበር የምትሄደው። እሑድ ሲደርስ ስልኩን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ድምፅዋ ከጎን እየተሰማ፣ ከተማውን ታሳየዋለች። መንገድ ዳር የቆሙ፣ አፍንጫ የመሰለ ቧንቧ ያላቸው የብረት ምሰሶዎችን አሳየችው። ቀን ከሌት ቀዝቃዛ ውሃ ይወርድባቸዋል። የቧንቧውን አፍ በጣቷ ስትደፍነው ውሃው ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ፈንጠር ብሎ ይወጣል፤ ጎንበስ ብላ ትጠጣለች። «ይኸውልህ፣ አንድም ጄሪካን የያዘ ሰው የለም» ስትለው የወልቂጤን የውሃ ወረፋ አስበው ሳቁ። ሌላ እሑድ ኮረብታ ላይ ወጥታ የከተማውን ጣሪያ ሁሉ ስታሳየው ሳለ መድፍ ተተኮሰ። አወል ከብሎኬቱ ላይ ዘሎ ተነሳ።

«አይዞህ፤ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ይተኩሳሉ። ለሰዓት ነው።»

«ይሄንንም በነጻ?»

«በነጻ። ደረቴ ውስጥ እስካሁን ይሰማኛል።»

አንድ ቀን ደግሞ ሰው ተሰልፎ አየ። ወረፋው የሚያበቃው የተዘጋ ትልቅ በር ላይ ነው። በሩ አይከፈትም፤ ሰው ሁሉ ተራውን ጠብቆ በቁልፍ ማስገቢያው ቀዳዳ እያጮለቀ ይሄዳል። ተራዋ ሲደርስ ፈቲሀ የስልኩን ካሜራ ቀዳዳው ላይ ለጠፈችው። አወል ጨለማ ብቻ አየ።

«አይታይም» አላት።

«ቆይ፣ ዓይኔን ላውስህ።» ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ዝቅ አለ። «ግራና ቀኝ የተከረከመ አጥር አለ፤ ላዩ ገጥሞ እንደ አረንጓዴ ዋሻ ሆኗል። ዋሻው መጨረሻ ላይ አንድ ነጭ ጉልላት ቆሟል፣ ሩቅ፣ ከወንዙ ማዶ። ያን የሚያህል ነገር በዚህች ቀዳዳ ውስጥ እንዳለ ገብቷል።»

ከኋላዋ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«ዋሸህ።»

«ወላሂ አየሁት። አንቺ ስትነግሪኝ አየሁት።»

ከዚያ ስልኩን ዞር አደረገችውና ፊቷ ታየ፤ በፀሐይ የጠቆረ፣ ላብ ያቸፈቸፈበት። ትኩር ብላ አየችው። አወል በዚያች ቅጽበት ከመስታወቱ ማዶ እጁን ሰድዶ ላቡን ሊጠርግላት ቃጣው፤ ጣቱ ስልኩን ሲነካው አፈረ።

ወሩ ሳይወጣ ወደ አንድ ትልቅ ፏፏቴ ወሰደችው። ከድንጋይ የተቀረጹ ፈረሶች ከውሃው መሃል ይወጣሉ። ሰዉ ጀርባውን ሰጥቶ በትከሻው ላይ ሳንቲም ወደ ኋላ ይወረውራል።

«የወረወረ ሰው ሮምን ተመልሶ ያያል ይላሉ» አለችው።

«አንቺስ?»

«ለውሃ የምሰጠው ሳንቲም የለኝም። ከዩኒፎርሜ የተበጠሰች ቁልፍ ኪሴ ውስጥ አገኘሁ፤ እሷን ወረወርኩ።»

አወል ሳቀ። «እንግዲያው ሮምን ተመልሰሽ አታያትም። በሸሚዝ ቁልፍ ማን ይመልስሻል?»

ፈቲሀ አልሳቀችም። ዓይኖቿ ከእሱ ላይ ተነስተው ወደ ውሃው ሄዱ። «ማን ያውቃል» አለች ቀስ ብላ።

አወል የዚያን ቀን ደረጃውን ሲወርድ ይህን «ማን ያውቃል» ይዞት ወረደ። ለምን እንደከበደው ራሱም አላወቀም።

*

በሳምንቱ መሃል ሙሀመድሰይድ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። የፈቲሀ ታላቅ ወንድም ነው፤ ወልቂጤ ሒሳብ ያስተምራል። አባታቸው ሲሞት ፈቲሀ ትንሽ ልጅ ስለነበረች ያሳደጋት እሱ ነው። አወል ሁለት ጊዜ ያህል ከሩቅ ሰላም ከማለት በቀር አነጋግሮት አያውቅም።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ሙሀመድሰይድ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ።

«ወአለይኩም ሰላም ጋሼ። ግባ፣ እዚህ ይሻልሃል፣ በር በሩ ላይ።» አወል ንጹሕ ጆንያ አንጥፎ አስቀመጠው፤ ሻይ አስመጣ። እንግዳው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ።

«ፈቲሀ የምትማርበት ሆስፒታል ሁለት ዓመት አስተምረን ማስተርሷን ይዛ ትሂድ ብሏል» አለ በመጨረሻ። «ነግራሃለች?»

አወል ቀና አለ። «አልነገረችኝም።»

«ለእኔም የነገረችኝ ስለጨነቃት ነው። እስካሁን መልስ አልሰጠችም፤ ጊዜው እያለቀባት ነው። ለምን እንደምታመነታ አንተም አታጣውም።»

ውጭ አንድ ሚኒባስ «አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ» እያለ አለፈ።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፣ አወል።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ሂጂ በላት አልልህም፤ ተይኝ በላትም አልልህም። እንዲያ ያለ ቃል ከአፍህ አውጣ ማለት ነውር ነው። ዝም በል ብቻ። ስልኩን አታንሳ። ልቧ ረጋ ሲል ራሷ ትወስናለች። እህቴ ዕድሏን በአንተ ምክንያት ብታስመልጥ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ፊቷን ስታይ ራስህን ይቅር ትላለህ?»

አወል ተነሳ። እንግዳውን ደንቡ እንደሚለው እስከ መኪና ተራው ሸኘው። መኪናው ከሄደ በኋላ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆሞ ቀረ። የወንድሟ ቃል አላስቆጣውም። የቆረቆረው ሌላ ነገር ነበር፤ ሮምን በሙሉ ያሳየችው ልጅ ይህን አንድ ነገር ደብቃዋለች። ምናልባት እሷም ዝምታውን እየጠበቀች ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ምናልባት «ማን ያውቃል» ያለችው ለዚህ ይሆናል። ይህን ካሰበ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም።

*

የመጀመሪያውን እሑድ ስልኩ ኪሱ ውስጥ እየጠራ መጋዘኑን ሲጠርግ ዋለ። ማታ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ጻፈላት። በሁለተኛው እሑድ «ኔትወርክ የለም» አለ። ፎቁ አናት ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ውሸቱ አይሆንለትም ነበር፤ ስለዚህ አልወጣም።

ፈቲሀ አልወቀሰችውም። የድምፅ መልእክት ላከች።

«አወል፣ ዛሬ የወሩ መጀመሪያ እሑድ ነው። የመንግሥት ሙዚየሞች በሙሉ በነጻ ናቸው። ያን ክብ የድንጋይ ስታዲየም ገባሁ፣ በውጭ ዞሬ ዞሬ የተውኩትን። ከንጋት ጀምሮ ነው የተሰለፍኩት። ፊት ለፊቴ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ባልና ሚስት፤ ተራ በተራ አንዳቸው ለአንዳቸው ወረፋ ይይዛሉ፣ ሌላው ሄዶ ጥላ ሥር ያርፋል። እኔ ብቻዬን ስለሆንኩ አላረፍኩም።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ቆም አለና ቀጠለ። «ምን ያጠፋሁት ነገር እንዳለ ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።»

አወል ደጋግሞ ሰማው። መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ፤ የወንድሟ ጥያቄ ትዝ ሲለው ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው። እናቱ ከጓዳ ሆነው ያዩታል። «ልጄ፣ እዚሁ ሰፈራችን ስንት ደህና ልጅ አለች» አሉት። እሱም «አውቃለሁ እማ» አለ፤ ከዚህ ሌላ ሊላቸው የሚችለው ቃል አጣ።

በሦስተኛው እሑድ የመጣው መልእክት ቃል አልነበረበትም። ውሃ ብቻ ይሰማል፤ ድንጋይ ላይ የሚወርድ የምንጭ ውሃ፣ ከሩቅ የሰው ኮቴ፣ አንዴ የሚስቅ ልጅ፣ ከዚያ ውሃው ብቻ። ፈቲሀ ስልኩን ይዛ ከውሃው አጠገብ ተቀምጣ ምንም ሳትናገር ቆይታለች። አወል ከበርበሬው ጆንያ መሃል ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ዓይኑ ሲያለቅስ ሠራተኞቹ አልገረማቸውም፤ እዚያ መጋዘን ውስጥ የሁሉም ሰው ዓይን ያለቅሳል።

*

ማክሰኞ ጠዋት መጋዘኑን ለሠራተኞቹ ትቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣ። የት እንደሚሄድ ለማንም አልተናገረም። ጥያ ሲደርስ «ወራጅ» አለ።

ፈቲሀ አንድ ቀን ስትቀልድበት «እኔ የሮምን ድንጋይ ሁሉ አየሁ፤ አንተ እዚሁ አፍንጫህ ሥር ያለውን የጥያን ድንጋይ አይተህ አታውቅም» ብላው ነበር። እውነቷን ነው። በዚያ መንገድ በርበሬ ጭኖ ስንት ጊዜ ሲያልፍ አንድ ቀን መኪና አስቁሞ አያውቅም። በአጥሩ ውስጥ ድንጋዮቹ በረድፍ ቆመዋል፣ አንዳንዱ ዘመም ብሏል፤ ላያቸው ላይ ሰይፍ ተቀርጾባቸዋል። አስጎብኚው ከፊት ከፊት እየሄደ አስረዳው። ማን እንዳቆማቸው በትክክል አይታወቅም። ከሥራቸው ተቆፍሮ የተገኙት ግን ወጣቶች ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው የለም ማለት ይቻላል።

«ሁሉም ወጣቶች?» አለ አወል።

«ሁሉም። እንደ አንተና እንደ እኔ።»

አወል ከአንዱ ድንጋይ አጠገብ ብዙ ቆመ። ነፋሱ ሣሩን ያስተኛዋል። ለሦስት ሳምንት ሲያመነታበት የነበረው ነገር ሠላሳ ሳይደርሱ ከቀሩት አጠገብ ቆሞ ሲያስበው ቀላል ሆነበት። ስልኩን አወጣና ደወለ።

ከብዙ ጥሪ በኋላ ተነሳ። ፈቲሀ ዩኒፎርሟን ለብሳ ኮሪደር ላይ ቆማለች። ፊቷ ከስቷል።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ።

«ወአለይኩም ሰላም። ምነው፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?» ድምፅዋ እንደ ባዳ ነበር።

«ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። የማሳይሽ ነገር ነበረኝ።» ካሜራውን አዞረው። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ፣ ከሰይፍ ወደ ሰይፍ፣ በቀስታ አሳያት። እሷ ትሠራው እንደነበረው ከጎን ሆኖ ሊያስረዳት ሞከረ።

«ጥያ ነው» አለች ፈቲሀ።

«ጥያ ነው።»

«ትኬት አለው?»

«አለው። ቆርጬ ነው የገባሁት።»

ፈቲሀ ሳትፈልግ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና እጇን አፏ ላይ አደረገች። አወል ካሜራውን ወደ ራሱ መለሰ።

«ወንድምሽ መጥቶ ነበር» አላት። «ስለ ትምህርቱ ነገረኝ። ዝም በል አለኝ፤ ዝም አልኩ። ለአንቺ ብዬ ነው ያደረግኩት፤ ግን ስለ አንቺ አንቺን አልጠየቅኩሽም። ደግሞም ስላልነገርሽኝ ከፍቶኝ ነበር።»

ነርሶች ጋሪ እየገፉ በአጠገቧ አለፉ። እስኪርቁ ጠበቀች።

«ለምን እንዳልነገርኩህ ታውቃለህ? ሂጂ ብትለኝ አልወደደኝም እላለሁ። ቅሪ ብትለኝ ደግሞ እቀራለሁ፤ ያኔ ዕድሜ ልኬን እነዚህን ሕፃናት እያሰብኩ አዝናለሁ። ሁለቱንም መስማት ፈራሁ። ለዚያ ነው በየእሑዱ ሌላ ሌላውን ሳሳይህ የከረምኩት።» ከዚያ ድምፅዋ ጠነከረ። «አንተና ወንድሜ ግን ምን አደረጋችሁ? በርበሬ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ዕድሜዬን ለሁለት ተካፈላችሁት። እኔ ስጠራህ ስልኩ ኪስህ ውስጥ እየጠራ ነበር አይደል?»

«እየጠራ ነበር።»

«እኔ እኮ የሞትክ መስሎኝ፣ ያገባህ መስሎኝ፣ ስንቱን አሰብኩ።»

«አፉ በይኝ፣ ፈቲሀ።»

እንባዋን በክንዷ ጠረገች። አወል ጠበቃት። አስጎብኚው ነገሩ ገብቶት ራቅ ብሎ ሄዷል።

«አሁን ልጠይቅሽ» አለ አወል። «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሁለቱንም» አለች፣ ሳታስብ። «ትምህርቱንም አንተንም። ይሄ ስግብግብነት ከሆነ ይሁን።»

«ሽማግሌ ልላክ?»

ከኋላዋ አንድ ሰው ስሟን በጣልያኖች አጠራር ጠራት። ዞር አለች፣ ተመለሰች። «እየጠሩኝ ነው» አለች፤ ስልኩም ተዘጋ። አወል ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ከድንጋዮቹ መሃል አልወጣም። መልሷ የመጣው ወደ ቡታጅራ በሚመለስ መኪና ውስጥ ሳለ ነው። ጆሮው ላይ አስጠግቶ ሰማው፤

«ላክ። ትምህርቱን ግን አልተውም፤ ይህን ከአሁኑ ለሁሉም ንገሩ። ደግሞ ወንድሜን አክብራችሁ ግቡ። አባት የሆነኝ እሱ ነው።»

*

ሐጂ ከድሮ የሚባሉት አጎቱና ጎረቤታቸው ጋሽ ፈቃደ በሽምግልና ወደ ወልቂጤ የሄዱት እሑድ ጠዋት ነው። ጋሽ ፈቃደ ክርስቲያን ናቸው፤ የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው፤ የአወል አባት በሕይወት ሳሉ ያለ እሳቸው ሽምግልና ሄደው አያውቁም ነበር። አወል አብሮ ቢጓዝም ወደ ቤቱ አልገባም። ከመንገዱ ማዶ ካለች ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሙሀመድሰይድን በር እያየ ጠበቀ። ያዘዘው የአቮካዶ ጭማቂ ፊት ለፊቱ ጠቆረ። ባጃጆች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። በሩ አይከፈትም።

ሲከፈት የወጡት ሽማግሌዎቹ አልነበሩም። ሙሀመድሰይድ ብቻውን ነው። መንገዱን ተሻግሮ መጣና ከአወል ፊት ለፊት ያለውን የፕላስቲክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ዝም በል ብዬህ ነበር» አለ።

«ዝም ብዬ ነበር ጋሼ። አልቻልኩም።»

«ሐጂ ሁለት ዓመቱን እንጠብቃለን ብለዋል። ትምህርቷንም አንነካም ብለዋል። ጥሩ ቃል ነው።» ዓይኑን መንገዱ ላይ ጣለ። «እኔም አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ነበር። አባታችን ሞተ። ትንሽ ልጅ ማን ላይ ጥዬ እሄዳለሁ? እዚሁ ኮሌጅ ገባሁ። አልተቆጨሁም፤ ግን እሷ ስትሄድ እኔ የሄድኩ ያህል ነበር የተሰማኝ። አሁን አንተ መጥተህ መንገዷ ላይ እንዳትቆምባት ነው የፈራሁት።»

«ሮም ደስ ትላለች» አለ አወል። «የዚያ የትልቁ ጉልላት ነገር በጣም ነው የገረመኝ። ውሃውም።»

ሙሀመድሰይድ ዞር ብሎ አየው። «አንተ በምን አየኸው?»

«በየእሑዱ ታሳየኛለች። ትኬት የማይጠይቀውን ሁሉ።»

የመምህሩ ፊት ላይ አንድ ነገር አለፈ። አወል መጀመሪያ ቁጣ መሰለው። ግን አልነበረም።

«ለእኔ አንድ ቀን አሳይታኝ አታውቅም» አለ ሙሀመድሰይድ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ስደውል የምጠይቃት ስለ ፈተናና ስለ ወረቀት ነው። በላሽ ወይ፣ ተኛሽ ወይ፣ ውጤት መጣ ወይ። ከተማው ምን ይመስላል ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።»

አወል ስልኩን አወጣ፤ ደወለ፤ መጥራት ሲጀምር ለሙሀመድሰይድ ዘረጋለት። ፈቲሀ ወዲያው አነሳችው። የጠበቀችው ፊት አልነበረም፤ ደነገጠች።

«ወንድም ጋሼ?»

«የት ነው ያለሽው?» አላት።

«የአበባ ቦታ ነኝ። ሽማግሌዎቹስ…»

«ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። እስቲ አሳዪኝ።»

«ምኑን?»

«ያለሽበትን።»

ፈቲሀ ስልኩን አዞረችው። ኮረብታው ጥግ ላይ ከላይ እስከ ታች ጽጌረዳ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ሌላ ስም ያልወጣለት ቀለም። ማዶ የፈረሰ ቤተ መንግሥት ግንብ ይታያል። አንዲት አሮጊት በየአበባው እየቆሙ ያሸታሉ። ሙሀመድሰይድ መነጽሩን አውልቆ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ይሄን ሁሉ አበባ ማንም አይቆርጠውም?»

«ማንም አይቆርጠውም።»

«መግቢያው ስንት ነው?»

«በነጻ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«በነጻ» አለ እሱም። «ወደዚያ ሂጂ እስቲ፣ ወደ ቢጫው።»

ሄደች። አስጎበኘችው። የአበቦቹን ስም ከሥራቸው ካለው ጽሑፍ እያነበበች፣ አንዳንዱን እየተሳሳተች፣ ረድፉን ሁሉ አዞረችው። ሙሀመድሰይድ አንድም ጊዜ ስለ ትምህርት አልጠየቃትም። ሲበቃው መነጽሩን መልሶ አደረገ። ዓይኑ ርሷል።

«ፈቲሀ።»

«አቤት።»

«የበርበሬ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮብሻል። ምን ልበላቸው?»

«ሻይ ጠጡ?» አለች።

«ጠጥተዋል።»

«እንግዲያው እሺ በላቸው።»

ሙሀመድሰይድ ራሱን ነቀነቀ። ስልኩን ለአወል መለሰለት፤ ትከሻውን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀውና መንገዱን ተሻገረ። በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ አወል አየው።

«ሄደ?» አለች ፈቲሀ።

«ገባ።»

አሁን ፊቷ ይታያል። ትስቃለች።

«አወል፣ ሁለት ዓመት ብዙ ነው።»

እንደ ቀን ያልፋል ሊላት ፈለገ፤ ኢንሻአላህ አይታወቀንም ሊላት። «ብዙ ነው» አለ።

«ፈርተሃል?»

«አዎ።»

«እኔም።»

ከመንገዱ ማዶ እልልታ ተሰማ። ቀጭን፣ መሃሉ ላይ የሚሰነጠቅ፣ እንደገና ከመጀመሪያው የሚነሳ።

«ማናት?» አለች ፈቲሀ።

«የወንድምሽ ሚስት መሰለችኝ።»

«ባሂራ? ባሂራ እኮ እልል ማለት አትችልም። በሰው ሠርግ ላይ እንኳ አፍራ ዝም ነው የምትለው።»

አወል እንድትሰማ ስልኩን ወደ ቤቱ አቅጣጫ ዘረጋላት። ባሂራ አላቆመችም። ሁለቱም አዳመጡ። በአወል ደረት ውስጥ ፍርሃቱ እዚያው እንደነበረ ነው፤ ደስታው ግን መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።